ባቡሩ ሄዶ ይጠብቅሻል

ሰኔ 24

የፈረንሳይኛ መምህሬ ሩት «በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ጻፉ፤ ምን በላችሁ፣ ከማን ተጣላችሁ፣ ማንም አያይባችሁም» ብላናለች። በፈረንሳይኛ ማለቷ ነው። ሞከርኩ። «ዛሬ ዝናብ ነው፤ ታክሲ የለም» ብዬ ሁለት መስመር እንደጻፍኩ የምለው አለቀ። የምጣላው በአማርኛ፣ የምስቀው በአማርኛ፤ ታዲያ ለራሴ በፈረንሳይኛ ምን ብዬ ላውራ? በአማርኛ እጽፋለሁ። ሩት አትስማ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቃሊቲ ጉምሩክ አጠገብ ያለው የምሠራበት የትራንዚት ቢሮ ከጅቡቲ ጋር የሚጻጻፍና የሚነጋገር ሰው ይፈልጋል። አለቃችን አቶ ሀይረዲን ፊት ለፊት ነገሩኝ። «ሶሊያና፣ የፈረንሳይኛውን ወረቀት ይዘሽ ነይ፣ ወንበሩ ያንቺ ነው። ካላመጣሽ ከውጭ ሰው እቀጥራለሁ፤ እንዳትቀየሚኝ።» ፈተናው መስከረም 9 ነው። እሱ ካመለጠኝ የሚቀጥለው የዛሬ ዓመት ነው፤ ያኔ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ተደላድሏል።

ሁሉም ነገር እየገባኝ አንድ ነገር ብቻ እምቢ ብሎኛል። ፈረንሳዮች ገና ያልሆነን ነገር ሆኖ እንዳለቀ አድርገው የሚያወሩበት የግስ ርባታ አላቸው። «አንተ ስትደርስ እኔ በልቼ እሆናለሁ» ዓይነት። ገና ሽንኩርቱ ሳይከተፍ እነሱ በልተው እጃቸውን ታጥበዋል! ሩት ሰሌዳው ላይ ስትደረድረው ራሴን ያዞረኛል።

ማታ ለአባ ነገርኩት። አባ በድሮው ባቡር ጊዜ አቃቂ ጣቢያ ትኬት ቆራጭ ነበር፤ ፈረንሳይኛውንም የለቀመው እዚያው መስኮቱ ሥር ነው። ሳቀብኝ።

«ይሄማ የኔ ነው! አርፍዶ ለሚመጣ መንገደኛ ሁሉ የምለው እሱን አልነበር? ለ ትራን ስራ ፓርቲ።»

«ምን ማለት ነው?»

«ባቡሩ ሄዶ ይጠብቅሻል።»

እንዲህ ገባኝ። ስንት ሳምንት ሰሌዳ ላይ ሳፈጥ የከረምኩት በአንዲት የአባ ቀልድ ገባኝ።

ሰኔ 29

ከእራት በኋላ አዲስ ጨዋታ ጀምረናል። አባ ግስ ይወረውራል፣ እኔ እቀልባለሁ። «ዠ» ስል እኔ ነኝ፣ «ቲዩ» ስል አባ ነው፣ «ኢል» ወንድሜ ዘአማኑኤል፣ «ኤል» እማ፤ «ኑ» ስል ደግሞ ሁላችንም ነን። አባ «ማዳም» ነው የሚለኝ። «ማዳም፣ መብላት!» ይላል። እኔ በልቼ፣ እሱ በልቶ፣ ዘሚ በልቶ፣ እማ በልታ፣ ሁላችንም በልተን እንጠብቃለን።

ዘሚ ከፋብሪካ ደክሞት ገብቶ ሶፋው ላይ ተዘርግቶ ይሰማናል። «ሥራ ፓርቲ፣ ሥራ ፓርቲ ትላላችሁ፤ ይሄ ፓርቲ ለብረት ሠራተኛ ምን አስቧል?» አለ። እማ ሆዷን ይዛ ሳቀች። አባም ሲስቅ ሳሉ ያዘው፣ አልለቀውም። እማ ውኃ አመጣች። እኔ የሚቀጥለውን ግስ ጠበቅኩ። እሱ ግን እጁን አወዛወዘ፤ ለዛሬ ይበቃል ማለቱ ነው።

ሐኪሙ «ይህንን ክረምት አዲስ አበባ አያሳልፉ፣ ሳንባዎ ብርድ አይችልም» ብሎታል። ድሬዳዋ አክስቴ ፈለቀች አለች። ሙቀት ነው፣ ደህና ሆስፒታልም አለ።

ሐምሌ 5

ታክሲ ውስጥ። መንገዱ ያንቀጠቅጣል፣ ጽሑፌን ይቅር በሉኝ (ማንን ነው ይቅርታ የምጠይቀው?)። አባንና እማን ለቡ ባቡር ጣቢያ ሸኝተን መመለሳችን ነው። አባ አዲሱን ባቡር ከላይ እስከ ታች አየውና «ድምፅ የለውም። እንዲህ ተደብቆ የሚሄድ ባቡር ምን ይባላል?» አለ። በመስኮት አፉን እያንቀሳቀሰ የሆነ ነገር አለኝ። አልተሰማኝም። ግስ ይሆናል።

ሐምሌ 12

ቤቱ ሰፋ። ሁለት ክፍል ኮንዶሚኒየም እንዴት ይሰፋል? ሰፋ። ዘሚ ሲገባ ይተኛል፤ እኔና ግድግዳው እንፋጠጣለን።

ደግነቱ አባ በየማታው ይደውላል። ድሬዳዋ ተስማምታዋለች፤ ሳሉ ቀንሷል፣ ጠዋት ጠዋት ወደ ድሮው ጣቢያ በእግሩ ይሄዳል። የድሮ ባልደረቦቹን አግኝቷል። «ሁላችንም አርጅተን በፈረንሳይኛ እንሰዳደባለን» አለኝ። ከዚያ ግስ። ዛሬ «መመለስ» ነበር። «ቲዩ ስራ ረቨኒዩ» አልኩት። አንተ ተመልሰህ። «መቼ?» አለ። «ለመስከረም 9 ነዋ! ከፈተና ስወጣ በር ላይ ቆመህ።» «እሺ ማዳም» አለ።

ወንበሩን እፈልገዋለሁ፣ አልዋሽም። ግን ከወንበሩ በላይ የምፈልገው ይሄንን ነው፤ ወረቀቱን ሳመጣ አባ ቤት ውስጥ ሆኖ እንዲያየው።

ሐምሌ 21

ዛሬ ክፍል ውስጥ ተዋረድኩ። ሩት «ስትመጣ እኔ ደርሼ እሆናለሁ በይ» አለችኝ፤ በኩራት «ዦሬ አሪቬ» አልኩ። ሳቀች። ክፉ ሳቅ አይደለም፤ ሩት ክፉ አይደለችም። ግን ክፍሉም አብሮ ሳቀ። «ማነው እንዲህ ያስተማረሽ?» አለች። «አባቴ» አልኩ። «ይሄማ የጣቢያ ፈረንሳይኛ ነው፤ ፈታኞቹ ነጥብ ይቆርጡብሻል» አለችና ትክክለኛውን ጻፈችው፤ «ዠ ስሬ አሪቬ»።

ማታ አባ ሲደውል ነገርኩት። ምናለ አፌን ብይዘው! እየሳቅኩ ነው የነገርኩት፤ አብሮኝ የሚስቅ መስሎኝ። «አባ፣ በስተርጅና ልታስጥለኝ ነበር እኮ!» አልኩት።

«እኔ እንዲያ እያልኩ ስንት ባቡር አስገብቻለሁ። ተሳስተሃል ብሎ የተመለሰ አንድም የለም» አለ። ልስቅ ስል «ደህና እደሪ ማዳም» ብሎ ዘጋው። ግስ አልወረወረም።

ሐምሌ 23

ትናንትም ዛሬም አልደወለም። እኔ ደግሞ ምን አንቀልቅሎኝ ነው? የአባትን ፈረንሳይኛ ለአባት ማረም። ጎበዝ ሶሊያና!

ሐምሌ 24

ራሴ ደወልኩ። አክስቴ ፈለቀች አንስታ «ኧረ ቁጭ ብሎ እየጠበቀሽ ነው፤ ኩራቱ ነው እንጂ!» አለችና ሰጠችው።

«ማዳም።»

«አባ፣ ይቅርታ።»

«ተይው እሱን። የተማረ ሰው እንዴት ነው የሚለው? በይልኝ።»

አልኩለት። «እንደገና።» አልኩለት። ሞከረው፣ ተሳሳተ፤ ሞከረው፣ ተሳሳተ። «ምላሴ የድሮውን ሐዲድ ለምዷል፣ አልታጠፍ አለ» ብሎ ሳቀ። ሳቁ መሃል ሳሉ መጣ። ድሮ ከነበረው ይረዝማል። የድሬዳዋ አቧራ ነው ብሏል።

ነሐሴ 3

ቢሮ፣ በምሳ ሰዓት። ሦስት ዕቃ ጫኝ መኪና ጉምሩክ ላይ ቆሞብናል፤ አቶ ሀይረዲን ከጅቡቲው ሰው ጋር በእንግሊዝኛ እየተጨቃጨቁ ነው፣ አልተግባቡም። ስልኩን ለእኔ አቀበሉኝ። ፈራሁ። ግን «ነገ ስምንት ሰዓት ላይ ወረቀቱን ልከን እንጠብቃችኋለን» አልኩት፤ በዚያው ርባታ! ሰውየው «ዳኮር፣ ማዳም» አለኝ፤ እሺ ማለቱ ነው። ማዳም! ማታ ለአባ እስክነግረው ቸኩያለሁ።

ነሐሴ 4

ነገርኩት። «ሌላ ሰው ማዳም ካለሽማ እኔ ምን ልልሽ ነው?» አለ። ድምፁ ደከም ብሏል። ጾሙ ነው ብላለች እማ። አይጹም ብያታለሁ፣ ማን ይሰማኛል።

ነሐሴ 20

አባ ሆስፒታል ገብቷል።

እማ «ለመታየት ያህል ነው፣ ሁለት ቀን» ነው ያለችኝ። እማ ስትዋሽ ድምፅዋ ይቀጥናል። ዛሬ ቀጥኖ ነበር ወይስ ስልኩ ነው?

ለዘሚ «ሄጄ አይቼው ልምጣ» አልኩት። «እኔም ፈቃድ ልጠይቅ» አለ። ማታ ራሱ አባ ደወለ። «ማንም እንዳይመጣ! ለጉንፋን ሰልፍ ይወጣል እንዴ? ማዳም፣ አንቺ ግስሽን ይዘሽ ቁጭ በይ።» የተቆጣ መሰለኝና ደስ አለኝ። የሚቆጣ ሰው ደህና ነው።

ቀረሁ። ሩት የሙከራ ፈተና ነበራት፣ እሱን ወሰድኩ። ጥሩ ነጥብ አመጣሁ። ቀረሁ እንግዲህ።

ነሐሴ 27

ከሆስፒታል ወጥቷል። ይኸው! ዝም ብዬ ነው የተጨነቅኩት። አክስቴ ቤት ነው፣ ኦክስጅን አስገብተውለታል። ለመተኛት እንዲመቸው ነው አለች እማ።

ጨዋታው አጥሯል። እሱ ግሱን ይላል፣ እኔ ሁሉንም ብቻዬን እወጣዋለሁ። ድሮ አንዱን እሱ፣ አንዱን እኔ ነበር። ስጨርስ «እ?» ይላል። «ጨረስኩ አባ።» «ጎበዝ።»

ታች ወርጄ ከሐጀራ ሱቅ ሳሙና ገዛሁ። ሐጀራ እዚህ ብሎክ ከገባን ጀምሮ ጎረቤታችን ናት፤ የስልጤ ሰው፣ ሬዲዮዋ ከንጋት እስከ ማታ የሚጮህ፣ እሷም ከሬዲዮው በላይ የምትጮህ። «ጋሽ ታደሰ እንዴት ናቸው? እኔ ዱዓ አላቋረጥኩም» አለችኝ። ደህና ነው አልኳት። «ኢንሻአላህ በይ እንጂ አፍሽን ሞልተሽ ደህና ነው አትበይ!» ብላ ተቆጣችኝ።

ጳጉሜ 1

ዛሬ አባ የደወለው በቀን ነው። ቢሮ ነበርኩ፤ ወደ ግቢው ወጣሁ። ከሆዱ እየጎተተ ነው የሚያወራው።

«ማዳም፣ አንድ ነገር ቃል ግቢልኝ።»

«ምን?»

«ከፈተናው ወንበር እስክትነሺ ድረስ፣ ከዚህ ምንም ነገር ብትሰሚ እንዳትነቃነቂ። ጨርሰሽ ውጪ።»

«ምን ልሰማ አባ?»

«ምንም። ድሬዳዋ መቼም ወሬ አያልቅባትም።»

«እሺ።»

«እሺ አይደለም። በፈረንሳይኛ።»

አንድ መኪና እየጮኸ አለፈ፤ እስኪያልፍ ጠበቅኩ። «ዦሬ ፊኒ» አልኩት። ጨርሼ እጠብቅሃለሁ።

ትንሽ ተነፈሰ። «እኔም ጨርሼ እጠብቅሻለሁ» አለ፤ በአማርኛ።

ምኑን እንደሚጨርስ አልጠየቅኩትም። አቶ ሀይረዲን እየጠሩኝ ነበር።

ጳጉሜ 2

አልደወለም። ኔትዎርክ ይሆናል።

ጳጉሜ 3

ዘሚ ሳይነጋ ተነስቶ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ውኃውን ከፍቶ በስልክ ሲያወራ ሰማሁት። ውኃው ብዙ ፈሰሰ። ሲወጣ ፊቱ አባብጧል። «ፋብሪካው አዳማ ልኮኛል፣ ለሥራ» አለኝ። ጥቁር ኮቱን ነው የለበሰው። ለብረት ሥራ ኮት!

«ዳቦና ሻይ አለ፣ ቅመስ» አልኩት። አቀፈኝ። ዘሚ እኮ የሚያቅፍ ሰው አይደለም፤ በልደቴም ትከሻዬን መታ አድርጎኝ ነው የሚያልፈው።

ስወርድ የሐጀራ ሬዲዮ ዝም ብሏል። «ምነው ዛሬ?» አልኳት። «ባትሪው አልቆ ነው» አለች። ሬዲዮዋ በሶኬት ነው የሚሠራው። ዓይኗን ከመደርደሪያው ላይ አላነሳችም። ዳቦ ጠይቄያት ስኳር ሰጠችኝ። ስኳሩን ይዤ ሄድኩ።

አርፍጃለሁ። በኋላ እጽፋለሁ።

(አልጻፍኩም።)

ጳጉሜ 5

ከአባ ስልክ የጽሑፍ መልእክት መጣ። «ሶሊ፣ ሰላም ነኝ። ጉሮሮዬን ስላመመኝ ሐኪም እንዳላወራ ከልክሎኛል። በርቺ።»

አባ በስልክ መጻፍ ተምሯል ማለት ነው። እስከ ዛሬ «ይሄ የዝንብ ፊደል አይታየኝም» እያለ ድምፅ ነበር የሚልከው። መነጽሩን አድርጎ ፊደል በፊደል ሲለቅም ይታየኛል። ሶሊ አለኝ። ማዳም ለመጻፍ በአንድ ፊደል ይረዝማል።

በፈረንሳይኛ መለስኩለት፤ «ጨርሼ እጠብቅሃለሁ» ብዬ። መልስ የለም። እንዳያወራ ተከልክሏል አይደል።

ዘሚ ማታ ገባ። ፀጉሩን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቷል። «አዳማ ያለ ፀጉር አስተካካይ አበላሽብኝ፣ አስላጨሁት» አለ። ያምርብሃል አልኩት። አያምርበትም።

መስከረም 1

እንቁጣጣሽ። ዶሮ የለም፤ እማ የለችማ። ዘሚ ድፎ ገዝቶ መጥቶ ቆረሰው፣ ሁለታችንም አልበላንም።

ከሰዓት በኋላ የአባ የባቡር ጊዜ ጓደኛ ጋሽ ቡልቻ ከአቃቂ ድረስ መጡ። የእድራችን ዕቃ ኃላፊም ናቸው። በየዓመቱ ገና ደረጃው ላይ ሆነው «እንኳን አደረሳችሁ!» ብለው ብሎኩን የሚያናውጡ ሰው፣ ዛሬ በር ላይ ቆመው ቀሩ። እኔ «እንኳን አደረሰዎት» አልኳቸው። ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱና «አይዞሽ ልጄ፣ በርቺ» አሉኝ። ለእንቁጣጣሽ በርቺ ይባላል?

ተቀመጡ። ሻይ ሰጠኋቸው። ብርጭቆውን እያዩ «ታደሰ እንቁጣጣሽን እንዴት ይወድ ነበር» አሉ። ዘሚ አሳለ። «ይወዳል፣ ይወዳል» አሉ ቶሎ ብለው። እየሮጥኩ ወደ ኩሽና ሄጄ ምንም ያልነካው ድስት አጠብኩ።

ጋሽ ቡልቻ አርጅተዋል። ግስ ይምታታባቸዋል።

መስከረም 4

ካርድ ሞላሁ። የእማን ቁጥር አወጣሁ። ሳይጠራ ዘጋሁት። ለምን አስጨንቃታለሁ? በሽተኛ ይዛ።

ሩት ክፍል ውስጥ አስቆመችኝ። «መምጣት» ብላ ሰጠችኝ። እኔ፣ እሱ፣ እሷ፣ እኛ፣ እናንተ፣ እነሱ፤ ሁሉንም አልኩ። «አንተን ለምን ዘለልሽው? ባለፈውም ዘለሽዋል» አለችኝ። ረስቼ ነው አልኳት። «እስቲ በይው።» ጉሮሮዬን አመመኝ ብዬ ወጣሁ። ሩት ኮሪደር ድረስ ተከትላኝ መጥታ ውኃ ሰጠችኝ። አባን ሰድባብኛለች ብዬ የተቀየምኳት ሁሉ ጠፋ።

ጉንፋን ነው። የቤተሰቡ ሁሉ ጉሮሮ ታሟል።

መስከረም 6

ለፈተናው ጉርድ ፎቶ ያስፈልጋል ተባልኩና ድሮ ሰፈራችን አቃቂ፣ ባቡር ጣቢያው አካባቢ ወረድኩ። እድሩ ቤት ፊት ለፊት ድንኳኑን አጥር ላይ ዘርግተውታል፤ ጋሽ ቡልቻና ሌሎች ሽማግሌዎች አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ሁሉም ብድግ አሉ። አባቶቼ የሚሆኑ ሰዎች፣ ለእኔ!

«ምነው፣ ተቀመጡ እንጂ!» አልኩ።

«ድንኳኑን እያናፈስነው ነው፣ ክረምቱ አሻግቶት» አሉ ጋሽ ቡልቻ፤ ማንም ሳይጠይቃቸው። «ፈተናሽ መቼ ነው ልጄ?»

«ከነገ ወዲያ ቀጥሎ ባለው ቀን።»

«ጥሩ። ጥሩ።» ዞር ብለው ለአንዱ በኦሮምኛ አንድ ነገር አሉ። አንገቱን ነቀነቀ። ፎቶውን ተነሳሁ። ፎቶግራፍ አንሺው «ትንሽ ፈገግ በይ» አለኝ። ለፈተና ነው፣ አያስፈልግም አልኩት።

ሆድ ይፍጀው።

መስከረም 8

ዘሚ ለነገ የምለብሰውን ሸሚዝ ተኮሰልኝ። ተኩሶ አያውቅም። አንገትጌው ላይ አቃጠለው፤ ደንግጦ ሊያለቅስ ደረሰ። ከፀጉሬ ሥር ይሸፈናል አልኩት። ጎን ለጎን ተቀመጥን።

«ዘሚ።»

«እ?»

«ነገ ስመለስ...»

ተጨማደደ። እጁን ጉልበቱ ላይ ጥብቅ አድርጎ ያዘ። ዓይኑ «እባክሽ» ይላል። ወንድሜ በአሥር ቀን አሥር ዓመት አርጅቷል።

«...እራት ምን እንበላለን?» አልኩት።

«የፈለግሽውን» አለ። ተነፈሰ። እኔም ተነፈስኩ።

አንድ ድሮ የላከልኝ የአባ ድምፅ አለ፤ ሐምሌ ላይ። «ማዳም፣ ለ ትራን ስራ ፓርቲ! ተነሺ፣ አርፍደሻል!» ይላል። ለጠዋት መቀስቀሻ አድርጌዋለሁ።

መስከረም 9

ጨረስኩ።

ጽሑፉ ደህና ነበር። ማዳመጡም። የቃል ፈተናው ላይ ሁለት ፈታኞች ነበሩ፤ አንዲት ሽበታም ፈረንሳዊትና አንድ ወጣት። ወረቀት አውጪ አሉኝ። የወጣልኝ «የሚቀጥለውን በዓል ቤተሰብዎ እንዴት እንደሚያሳልፍ ይንገሩን» የሚል ነው።

ስለ መስቀል አወራሁ። ያን ቀን ማታ ወንድሜ ችቦውን ገዝቶ ይጠብቀናል አልኩ። እናቴ ከድሬዳዋ ተመልሳ ትጠብቀናለች። እኔ ይህንን ፈተና ጨርሼ። ጎረቤታችን ለእኛ ዳቦ ጋግራ። አንዱም አልተዛነፈም፤ ሴትየዋ እየጻፈች ራሷን ትነቀንቃለች።

«አባትሽስ?» አለች።

ማንም አያውቀኝም እዚያ ክፍል ውስጥ። ዘሚ የለም፣ ጋሽ ቡልቻ የሉም፤ አማርኛም የለም። የምደብቅለት ሰው አልነበረም።

«ሞን ፔር ስራ ፓርቲ» አልኩ። አባቴ ሄዶ ይጠብቀናል።

«ወዴት?»

«በባቡር ነው የሄደው» አልኩ። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ፈገግ አለች። «መልካም ጉዞ ይሁንላቸው» አለችኝ። ሜርሲ አልኳት። ተነሳሁ። ከወንበሩ የተነሳሁት ጨርሼ ነው አባ፤ አልተነቃነቅኩም።

በር ላይ የቆመ አልነበረም። ማየቴ ግን አልቀረም፤ ግራና ቀኝ አየሁ።

ሰፈራችን ቱሉ ዲምቱ ስደርስ የእድሩ አግዳሚዎች ከደረጃው ሥር ተደርድረዋል፣ ሸራ ጣል አድርገውባቸዋል። በሐጀራ በር ሳልፍ ከውስጥ የእማን ሳል ሰማሁ። የእናቴን ሳል አጥቼው ነው? አምጥተው እዚያ ደብቀዋታል። ልቤ በሩን ገፍተሽ ግቢ አለኝ። ነገር ግን ይሄ ሁሉ ሰው፣ ለእኔ ሲል፣ ይህንን ሁሉ ቀን አፉን ይዟል። አንድ ሌሊት ልያዝላቸው ብዬ ወጣሁ። ዘሚ በሩን ከፍቶ «እንዴት ነበር?» አለ። «ቀላል» አልኩት። እራት የፈለግኩትን ሠርቶ ጠበቀኝ። በላሁለት።

መስከረም 10

ገና አልነጋም። መርዶ የሚነገረው በዚህ ሰዓት ስለሆነ ተነስቼ ተቀምጫለሁ።

አሁን ልጻፈው፤ ከአሁን በኋላ የምደብቅለት ሰው የለም። ከጳጉሜ 3 ጀምሮ አውቃለሁ። የሐጀራ ሬዲዮ ዝም ሲል አውቄያለሁ። ካወቅሁ እነሳለሁ፤ ከተነሳሁ ቃሌን አፈርሳለሁ፤ ስለዚህ አላወቅሁም አልኩ። ለራሴም፣ እዚህም።

ተናድጃለሁ። ልጁ ነኝ፣ አልቀበርኩትም። ዘሚ ጥቁር ኮቱን ለብሶ አፈር ሲያለብሰው እኔ ስኳር እየገዛሁ ነበር። ይሄንን ለማንም ይቅር የምል አይመስለኝም፤ ለአባም ቢሆን። ያ «እኔም ጨርሼ እጠብቅሻለሁ» ያልከኝ፣ አባ፣ ይሄንን ነበር? ዳግመኛ አትደውልልኝም፤ ወረቀቱን ሳመጣ ቤት የለህም። እንዲህ ብዬ ማልቀስ እፈልግ ነበር፣ ቦታ አጣሁ። አሁን አለቅሳለሁ።

አለቀስኩ። ፊቴን ታጠብኩ።

ታች አግዳሚ ሲጎተት፣ «ቀስ በሉ፣ እንዳትነቃ» ሲባል ይሰማል። ጋሽ ቡልቻ ጉሮሯቸውን እየጠረጉ ነው። ምን ብለው እንደሚጀምሩ ከሰሞኑ ሲለማመዱት እንደከረሙ አልጠራጠርም። ሽማግሌ ሰው ያንን ቃል ለጓደኛው ልጅ ከደረቱ ጎትቶ ሊያወጣ ነው። ቃሉን አላስወጣቸውም። ይበቃቸዋል።

ጥቁር ቀሚሴን ለብሻለሁ። ነጠላዬን አዘቅዝቄያለሁ። ምንጣፉን ጠቅልዬ ለሰው የሚሆን ቦታ አስፍቻለሁ። በሩን ገርበብ አድርጌዋለሁ።

ደረጃው ላይ እግር ተሰማ፤ ፊት የምትወጣው እማ ናት፣ አረማመዷን አውቀዋለሁ። እስኪያንኳኩ አልጠብቅም። «ጋሽ ቡልቻ፣ ይግቡ። ጨርሻለሁ» እላቸዋለሁ።